ሮቶው የት ይቁም?

ወዳጆቼ፣ ከቤሌ ከተመለስኩ ወዲህ ዓይኔ አላርፍ ብሏል። በሄድኩበት ሁሉ ሮቶ፣ ጄኔሬተርና የቆሻሻ በርሜል እቆጥራለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁና እናንተም መቁጠር ትጀምራላችሁ።

ቤሌ ከወላይታ ሶዶ በስተምዕራብ ያለች የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። መንገድ ዳር አንድ አዲስ ሕንፃ አየሁ፤ ፊቱ መስታወት፣ ደረጃው ሴራሚክ ነው። ጎኑ ላይ ግን ጥቁር ሮቶ በብረት እግር ቆሟል። ከሥሩ ጄኔሬተር በሰንሰለት ታስሯል፣ ከጄኔሬተሩ ጎን የከሰል ጆንያ፣ ከጆንያው ጎን ክዳኑ የጠፋ በርሜል አለ። መንገደኛው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው። ለመስታወቱ የወጣውን ብር ውኃ በላው።

ከሕንፃው ጀርባ ትንሽ ገባ ስንል የጓደኛዬ ወላጆች ግቢ ደረስን። ደጁ አጭር ሣር ነው፣ የተጠረገ፣ አንድ ቁራጭ ወረቀት የማይታይበት። እናቱ እበት በቅርጫት ይዘው ወደ ጓሮ ሲዞሩ ተከተልኳቸው። ከእንሰቱ ሥር ደፉት። አመዱንም፣ የድንች ልጣጩንም እዚያው ደፉት። አፈሩ ጥቁርና ልስልስ ያለ ነው፤ ጫማዬ ሰመጠ። ዞር ብዬ ደጁን ለማየት ብሞክር ከቅጠል በቀር የሚታየኝ ጠፋ። ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣ እንግዳም ወዲህ ቢያይ የሚታየው አረንጓዴ ግድግዳ ብቻ ነው። በወላይታ ይህን ቤት አጠገብ ያለ በፍግ የዳበረ መሬት ዳርኮዋ ይሉታል፤ ራቅ ያለው እርሻ ደግሞ ሾቃ ነው። ለዳርኮዋው ልምላሜ ምክንያቱ ቅድም ያየሁት ቅርጫት ነው፤ የቤቱ ጥራጊና የከብቱ እበት በየቀኑ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ሁለቱን ግቢዎች በአንድ ቀን ማየቴ ነው ነገሩን ያበራልኝ። ሁለቱም ቤቶች ገበና አላቸው። ምግብ የሚያበስል፣ የሚታጠብ፣ የሚጥል ቤት ሁሉ ገበና አለው። አሮጌው ግቢ ግን ለገበናው ገና ከመነሻው ቦታ ሰጥቶታል፣ ሥራም ሰጥቶታል፤ ቆሻሻው እንሰቱን ያበላል፣ እንሰቱ ቆሻሻውን ይሸፍናል። አዲሱ ሕንፃ ሲታቀድ ፊቱ ብቻ ታስቦ፣ የቀረው ጓዝ ቦታ እስኪገኝለት ሲንከራተት ቆይቶ ጎኑ ላይ ወደቀ።

ከተሜውም ቢሆን ይህን ያውቅ ነበር። የአዲስ አበባ ቪላ "ሰርቪስ" የሚባል ነገር አለው፤ ማድቤቱ፣ የሠራተኛ ክፍሉ፣ ልብስ ማጠቢያው ከዋናው ቤት ጀርባ ተደርድረው። ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ጓሮ ቀረ። እንጀራ መጋገሩ፣ ልብስ ማጠቡ፣ በግ ማረዱ ተነጥሎ "ኮሙናል" ለሚባለው የጋራ ቤት ተሰጠ፤ ብዙ ሰው ግን ለየዕለቱ ሥራ ከሦስተኛ ፎቅ መውረድ ይከብደዋል። ስለዚህ በረንዳው ጓሮ ሆነ። ከሰሉ፣ ዲሹ፣ ጀሪካኑ፣ የተሰጣው ልብስ ሁሉ መንገድ ላይ አፍጥጦ ይታያል። ነዋሪውን አልወቅስም። ቤቱ ጓሮ ከነሣው ጓሮውን የትም ይፈጥራል።

አሁን ወደ ሮቶው። ሮቶ የአምራች ስም ነበር፤ ዛሬ ከማንም ይገዛ ከማን የውኃ ታንከር ሁሉ ሮቶ ነው። ከፍ ተደርጎ የሚሰቀለው ለታይታ አይደለም፤ ግፊቱ የሚመጣው ከከፍታው ነው። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል፣ 3 ሜትር ቆጥ ደግሞ የዚያን ሲሶ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ስለዚህ "ዓይን ስለሚወጋ ዝቅ ይበል" ካላችሁ ሻወሩ ይንጠባጠባል። መፍትሔው ወደ ኋላ መግፋት ነው፣ እዚህ ላይ ያለችው ሂሳብ ደግሞ በጣም ትጥመኛለች። ጠፍጣፋ ጣሪያ 4 ሜትር ላይ አለ እንበል፤ ጠርዙ ላይ 1 ሜትር ግንብ ተነሥቷል፣ ሮቶው 2 ሜትር ቁመት አለው። የቆመ ሰው ዓይን ከመሬት 1.6 ሜትር ያህል ነው። ከግድግዳው 8 ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ሮቶው ከጠርዙ 2 ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ከገባ ፈጽሞ አይታየውም። ሰውየው 20 ሜትር ከራቀ ግን 6 ሜትር መግባት ያስፈልገዋል። ከሩቅ ያለ ሰው ከቅርቡ ይበልጥ ያያል ማለት ነው። ክር ወስዳችሁ ከዓይን ከፍታ እስከ ግንቡ ጫፍ፣ ከዚያ እስከ ሮቶው አናት ብትወጥሩ ራሳችሁ ታረጋግጡታላችሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነና ሮቶው መሬት ላይ በቆመ ብረት ላይ ከሆነ ደግሞ ከቤቱ ኋላ ማዕዘን ማቆም ነው፤ ቤቱ ራሱ ይጋርደዋል፣ አምስት ሳንቲም ሳያስወጣ።

ጄኔሬተር ሌላ ፍጥረት ነው፣ እሱን በችኮላ መሸፈን ሰው ይገድላል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ሞተሩም ራሱ አየር ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ያረፍኩበት ሆቴል "አያምርም" ተብሎ በጄኔሬተሩ ዙሪያ ብሎኬት ተገንብቶ ነበር፤ ከራዲያተሩ የወጣው ትኩስ አየር መሄጃ አጥቶ ተመልሶ ሲገባበት ሞተሩ ሞቀና ቆመ፣ ያን ምሽት በሻማ ራት በላን። ግንቡ ራቅ ብሎ ይሠራ፣ አየር የሚገባበትም የሚወጣበትም ክፍት ይተውለት፣ ሠራተኛው ዘይት ሊቀይር ሲመጣ ዙሪያውን መዞር ይቻለው። ጭስ ማውጫው ከመስኮት ይራቅ።

ድምፁንስ? እዚህ ላይ ለእንሰቴ አልሟገትም። አንድ ረድፍ ቅጠል ዓይንን ይጋርዳል እንጂ ድምፅን እምብዛም አያቆምም። ድምፅ የሚፈራው ክብደትንና ርቀትን ነው። ክፍተት የሌለው የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግንብ፣ ሞተሩን ከሚሰማው ሰው እይታ እስኪሰውር ድረስ ከፍ ያለ፣ ይረዳል። ሜዳ ላይ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከጎረቤት መኝታ ቤት ግድግዳ ሥር አታቁሙት።

ለቆሻሻ በርሜሉ በሦስት በኩል ግንብ፣ በአራተኛው በኩል በር፣ ወለሉ የሚታጠብ ሲሚንቶ ወደ ፍሳሽ ያዘነበለ ይሁን። በሩ ጋሪው ወይም ሰብሳቢዎቹ በሚመጡበት በኩል ይከፈት። መውሰጃው ካልተመቸ በርሜሉ ከሳምንት በኋላ ከግንቡ ውጪ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

ተክል ለመረጣችሁ ሰንሰል ቀላሉ ነው፤ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ይበቅላል፣ ከብትም እምብዛም አይነካውም። ቅንጭብ ጥሩ አጥር ይወጣዋል፣ ነገር ግን ወተቱ ዓይን ክፉኛ ይጎዳል፤ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ አልመክረውም። እንሰት ከተከላችሁ ደግሞ የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በቢላ ከተክል ወደ ተክል ስለሚሄድ ስለቱን በእሳት ማሳለፍ አትርሱ። በትራንስፎርመርና በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ምንም ሐረግ አይውጣ።

የማይሸፈንም አለ። ከጊቤ ሦስት ማመንጫ የሚመጣው ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሶዶ ይደርሳል፤ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ የሚገባው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም 1,045 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ በ2015 ዓ.ም. ኃይል ማስተላለፍ ጀምሯል። ያንን የሚያህል ጣቢያና ምሰሶ በእንሰት አንጋርደውም። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረውና ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው የኮሪደር ልማት የመንገድ ዳር ገመዶችን መሬት ውስጥ ቀብሯል፤ ይህ ለጎዳና ትልቅ ለውጥ ነው። የየግቢያችን ጓዝ ግን የእኛ ድርሻ ነው፣ ፊት ለፊቱ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ማቆም ደግሞ መልስ አይደለም። ቆርቆሮው ራሱ ሁለተኛ አስቀያሚ ነገር ይሆናል።

የሕንፃ ሕጉ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ፕላን ቀርቦ ፈቃድ እንዲገኝ ያዝዛል። የጓዙ ቦታ ጥያቄ የሚመለስበት ጊዜ ያኔ ነው፤ በወረቀት ላይ አንድ መስመር ማዞር ምንም አያስከፍልም። ሶዶም ሆነ ቤሌ፣ ባሕር ዳርም ሆነ አዲስ አበባ ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ፕላኑ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት መሐንዲሱን "ሮቶው የት ይቆማል?" በሉት፣ በጣቱ እስኪያሳያችሁም አትፈርሙ።