ፎርማሊን ስለሚባለው መድኃኒት፤ ስለ ጥቅሙ፣ ስለ ጉዳቱና ስለ አያያዙ

በሐይቅና በአምባሰል አገር የገበሬው ሀብት ከእርሻው ቀጥሎ በጉና ከብቱ መሆኑ የታወቀ ነው። እንስሳው ታሞ ሲሞት የሞተበትን ምክንያት በዓይን ብቻ አይቶ መፍረድ ብዙ ጊዜ አይቻልም። ስለዚህ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ከሳንባው፣ ከጉበቱና ከኩላሊቱ ጥቂት ጥቂት ቆርጦ ኮምቦልቻ ወዳለው የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ይልካል። ውጫሌ ላይ የተቆረጠው ሥጋ ሐይቅንና ደሴን አልፎ ኮምቦልቻ እስኪደርስ ድረስ እንዳይበሰብስ የሚጠብቀው ፎርማሊን የሚባለው ፈሳሽ ነው። ይህም ፈሳሽ በሐኪሙ እጅ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ይረከበዋል፣ ሾፌሩ ይጭነዋል፣ ጽዳት ሠራተኛዋም በአጠገቡ ትጠርጋለች። እንግዲህ መሥሪያ ቤቱን የሚያዝዙ ሹማምንት ጠባዩን ሊያውቁት የሚገባ ስለሆነ ይህን ጽፈናል።

ፎርማሊን ማለት ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጋዝ በውሃ ሟሙቶ የሚገኝ ፈሳሽ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ከ100 እጅ በክብደት 37 እጅ ያህሉ ጋዙ ነው፤ ዝቃጭ እንዳያወጣም አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 እጅ ሜታኖል የተባለው መርዛም አልኮል ይጨመርበታል። መልኩ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው፤ ለሚያየው ሰው ከውሃ የሚለየው ሽታው ብቻ ነው።

ፎርማሊን ለሥጋ ማቆያ እንዲሆን ያስታወቀው በ1893 በፈረንጅ አቆጣጠር በፍራንክፈርት ከተማ የነበረ ፌርዲናንድ ብሉም የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ብሉም ፈሳሹን ተሐዋስያን ለመግደል ሲሞክር ሳለ የገዛ ጣቶቹ ቆዳ ደርቆና ጠንክሮ አገኘው። ጣቴን ያጠነከረ ነገር የተቆረጠ ሥጋንም ያጠነክራል ብሎ አሰበ፤ እንዳሰበውም ሆነ። ቆዳ አልፊ በመድኃኒቱ ቆዳውን ከመበስበስ እንደሚያድነው፣ ፎርማሊንም የሥጋን ሥሪት እርስ በርሱ አስሮ ባለበት ያቆመዋል። ነገሩ ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል፤ ፎርማሊን በጠርሙስ ውስጥ ያለውን ጉበት የሚያደርገውን፣ የሕያውን ሰው እጅና ዓይንም እንዲሁ ያደርጋል። ጥቅሙና ጉዳቱ ከአንድ ጠባይ የሚመነጩ ናቸው።

ኃይሉን ለመረዳት አንድ ታሪክ ይበቃል። እንግሊዞች በ1942 በፈረንጅ አቆጣጠር የአባ ሰንጋን ዘር ለጦር መሣሪያ ሲሞክሩ ግሩይናርድ የተባለችውን የስኮትላንድ ደሴት በከሏት፤ ደሴቲቱም ለብዙ ዓመት ለሰው የተከለከለች ሆነች። በ1986 ግን 280 ቶን የፎርማልዴሃይድ ፈሳሽ በባሕር ውሃ ተበጥብጦ ተረጨባት፤ በ1990 ነጻ መሆኗ ተነገረ። አርባ ዓመት በአፈር ውስጥ የቆየውን የአባ ሰንጋ ዘር ያጠፋ ፈሳሽ፣ ለሰው ዓይን ይራራል ማለት አይቻልም።

ጉዳቱም ይህ ነው። እንፋሎቱ ዓይንን ያስለቅሳል፣ አፍንጫንና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ሲበዛም ትንፋሽ ያሳጥራል። አፍንጫ ሽታውን ቶሎ ስለሚለምደው፣ ሽታው የጠፋ ሲመስል ጋዙ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ቆዳን ሲነካ ያነጣዋል፣ ያደርቀዋል፣ ይሰነጣጥቀዋልም፤ ዓይን ውስጥ ቢገባ ሊያሳውር ይችላል። የተጠጣ እንደ ሆነ አፍንና ጨጓራን ያቃጥላል፤ ያልተበጠበጠው 30 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ይኸውም ከአንድ የቡና ስኒ ያነሰው፣ አዋቂ ሰውን ሊገድል ይችላል። ከዚህም በላይ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2004 በፈረንጅ አቆጣጠር ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ጋር ቆጥሮታል። ስለዚህ ዛሬ አላመመኝም ብሎ በየቀኑ እያሸተቱት መሥራት ራስን ማታለል ነው።

ይህን የምንጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አንብበን አይደለም። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለናሙና የተበጠበጠ ፎርማሊን በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ምንም ሳይጻፍበት በመስኮት ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔም ጧት ሳልፍ አይቼዋለሁ፤ ምን እንደ ሆነ ግን አልጠየቅሁም። እኩለ ቀን ሲሆን ተላላኪው ከፀሐይ ገብቶ ጠርሙሱን አነሣና ክዳኑን ፈታ፤ ወደ አፉ ሲያስጠጋው ሽታው መታውና ወረወረው። ዕንባው እየወረደ «እኔ እኮ ውሃ መስሎኝ ነው» አለ። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም፤ በውሃ ዕቃ መርዝ የቀዳው ሰውና አይተን ያለፍነው የእኛ ነው። በዚያ ቀን ሰው ያልሞተው በጥንቃቄያችን ሳይሆን በሽታው ክፋት ነበር።

ስለዚህ የሚከተለው ሥርዓት ሊጠበቅ ይገባል።

አንደኛ፤ ፎርማሊን ወደ ምግብና ወደ መጠጥ ዕቃ ከቶ አይገልበጥ። በዕቃው ላይ በአማርኛ በጉልህ «ፎርማሊን፤ መርዝ ነው» ተብሎ ይጻፍበት፤ መጠኑና የተበጠበጠበት ቀንም ይጨመርበት። ማንበብ ለማይችል ሰው የራስ ቅል ምልክት ይሳልበት።

ሁለተኛ፤ ቁልፍ ባለው ሣጥን፣ በታችኛው መደርደሪያ ይቀመጥ፤ ቁልፉንም አንድ ሰው ይያዝ። እንደ አምባሰል ደጋ ባለ ብርድ አገር ብዙ ጊዜ ሲቆይ ነጭ ዝቃጭ ያወጣል። ይህን አሟሟለሁ ብሎ በእሳት ማሞቅ ፈጽሞ አይገባም፤ እንፋሎቱ ይበዛልና፣ እሳትም ሊይዘው ይችላልና።

ሦስተኛ፤ የሚበጠብጠው ሰው ደጅ ወጥቶ፣ ነፋሱን በጀርባው አድርጎ፣ የጎማ ጓንትና ዓይንን የሚሸፍን መነጽር አድርጎ ይሥራ። በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ ጋዙን አያግደውም።

አራተኛ፤ ለናሙና የሚሆነው 10 ከመቶ ፎርማሊን የሚባለው፣ አንድ እጅ ፎርማሊን በዘጠኝ እጅ ውሃ የተበጠበጠው ነው። አንዳንድ ሰው 37 ከመቶ የሚለውን አይቶ ሌላ ሒሳብ እየሠራ ከመጠን በላይ ያከረዋል፤ ይህ ስሕተት ነው።

አምስተኛ፤ ከበረኪና፣ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድና ከፖታሲየም ፐርማንጋኔት ጋር አይቀመጥ፣ አይቀላቀልም። ከፐርማንጋኔት ጋር ሲገናኝ ወዲያው ፈልቶ ብዙ ጋዝ ይለቃል፤ የዶሮ ቤት በዚህ መንገድ ማጠን የተማረ ባለሙያ ብቻ የሚሠራው ነው።

ናሙናውም እንዳይበላሽ፣ ሥጋው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ሳይወፍር ተቆርጦ፣ አሥር እጥፍ በሚሆን ፈሳሽ ውስጥ፣ አፈ ሰፊ በሆነ ዕቃ ይግባ። ፈሳሹ ወደ ሥጋው የሚዘልቀው በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነውና ወፍራሙ ከውስጥ ይበሰብሳል። ተሐዋስያን ለማብቀል የሚፈለገው ናሙና ግን ፎርማሊን አይንካው፤ በበረዶ ይላክ። አባ ሰንጋ የተጠረጠረ በድንም አይከፈት፤ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይነገር።

አደጋ የደረሰ እንደ ሆነ፣ ዓይን ውስጥ የገባው ሰው ሽፋሽፍቱ ተገልጦ ከ15 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ቆዳውን የነካው ልብሱን አውልቆ ይታጠብ። የጠጣውን ሰው ማስታወክ አይገባም፤ የወጣው ሁለተኛ ያቃጥለዋልና። አፉን ተጉመጥምጦ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ሐኪሙ ምን እንደ ጠጣ እንዲያውቅ የዕቃው ጽሕፈት አብሮ ይሂድ።

የተረፈው ፈሳሽ ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ አይደፋ፤ በተከደነ ዕቃ ወደ ላቦራቶሪው ይመለስ። የሐይቅ ውሃ ወደ ውጭ የሚፈስበት መውጫ የለውም፤ ሰውና ከብት በአጠገቡ ይኖራሉ፣ ዓሣ አጥማጁም እንጀራውን ከእርሱ ያገኛል። ዓሣው ወይም ወተቱ ሳይበላሽ እንዲቆይ ብሎ ፎርማሊን የሚጨምርበት ነጋዴ ቢገኝም፣ ምግብ ሳይሆን መርዝ እየሸጠ ነውና ሳይዘገይ ይከልከል።

እንግዲህ የየወረዳው ሹም ይህን ጽሑፍ አንብቦ በመዝገብ ቤት ከማስቀመጡ በፊት፣ ራሱ ተነሥቶ የመድኃኒቱን ሣጥን ያስከፍት። ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ አለን? ቁልፉ በማን እጅ ነው? ጓንትና መነጽርስ አለን? ብሎ ይጠይቅ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለው፣ ይህን ለመጠየቅ የሚፈጀው ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ የጠፋ ዓይን ግን በማናቸውም ገንዘብ አይመለስም።