የአያት ኩበትና የልጅ ልጅ ቤንዚን

በአንድ የነሐሴ ወር፣ ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ በይፋት ምድር በማጀቴ ከሚኖሩ አንዲት እናት ቤት እንግዶች ነበርን። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ጀምሮ አላባራም ነበር። እርሳቸው ከጉልቻው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ኩበት እየሰበሩ ከእሳቱ ላይ ይጨምራሉ፤ ከአዲስ አበባ ለክረምት ዕረፍት የመጣው የልጃቸው ልጅ ደግሞ ጥግ ይዞ በስልኩ ይጫወታል። ድንገት ልጁ «እማማ፣ ነዳጅ አለቀብኝ!» ብሎ ጮኸ። አያቱም ቀና ሳይሉ «አንተስ በስልክህ ነው ያለቀብህ፤ የኔው እስከ መስቀል መድረሱን እንጃ» አሉት።

በቤቱ የነበርን ሁሉ ሳቅን። ነገር ግን ጥቂት ቆይተን ስናስተውለው፣ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ስለ አንድ ጉዳይ ሲጨነቁ እንዳመሹ ተረዳን። ይኸውም ማገዶ ነው።

ይህ ጨዋታ ምን እንደ ሆነ የማያውቁ ወላጆች ይኖሩ ይሆናልና ጥቂት እንግለጽ። ስሙ «አርክ፦ ሰርቫይቫል ኢቮልቭድ» ይባላል። ስቱዲዮ ዋይልድካርድ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2015 ለሙከራ፣ በ2017 ተሟልቶ ወጣ፤ በ2018 ደግሞ በስልክ ለመጫወት ተቻለ። ተጫዋቹ በአንዲት ደሴት ዳርቻ ባዶ እጁን ይነቃል፤ ከምድር ከጠፉ እጅግ ረዥም ዘመን የሆናቸው፣ አጥንታቸው ብቻ የተረፈ ዳይኖሰር የሚባሉ ታላላቅ እንስሳት በዙሪያው ይመላለሳሉ። ብርዱም ረኃቡም ይገድለዋልና አስቀድሞ የሚሻው እሳትን ነው። ሣር ቢያነድ ቶሎ ያልቅበታል፤ እንጨት ቢያነድ ይቆይለታል፤ ከነደደውም እንጨት ከሰል ይተርፈዋል። ኋላ ኑሮው ሲሻሻል ማቀዝቀዣና መብራት የሚያሠራ ሞተር ይተክላል፤ ለዚህም ቤንዚን ያስፈልገዋል። ቤንዚኑ እንደ ውሃ ከምንጭ የሚቀዳ አይደለም። 6 እጅ ድፍድፍ ዘይትና 5 ቁርበት በማቅለጫ ምድጃ ገብተው 5 ቤንዚን ይወጣቸዋል። ዘይቱም ቢሆን የሚገኘው ሻርክ በሚመላለስበት የባሕር ወለልና በረዶ በሸፈነው ዳርቻ ነው። የዚያን ቀን ማታ ልጃችንን ያስጮኸው ይኸው ነበር፤ ወደ ባሕሩ ወርዶ ዘይቱን ሳያወጣ ተበላ።

ከዚህም ሌላ ተጫዋቹ ከዐቅሙ በላይ ሲሸከም እርምጃው ይከብደዋል፤ ጨርሶ ሲበዛበትም ካለበት መነቃነቅ ያቅተዋል። ስለዚህ ሸክም የሚችል እንስሳ አልምዶ ይጭናል። ልጁ ይህን ሲያስረዳን አያቱ ሰምተው «ይኸማ አህያ ነው» አሉ።

እኛም እውነቱን እንናገር። የስልክ ጨዋታ ሁሉ ጊዜ ማጥፊያ ነው ብለን ልጁን ለመገሠጽ አንደበታችንን አዘጋጅተን ነበር። ይሁን እንጂ በደሴቱ ላይ አንድ ሌሊት የሚያሳድር እሳት ስንት እንጨት እንደሚፈጅ አንድ በአንድ ሲቈጥርልን ዝም አልን። ከፊቱ ያለው ጉልቻ በሌሊቱ ስንት ኩበት እንደሚበላ ብንጠይቀው ግን አላወቀም። አያቱ ያውቃሉ። በሐምሌ ስንት፣ በነሐሴ ስንት፣ ለእንጀራ ቀን ስንት፣ ለወጥ ብቻ ስንት እንደሆነ ያውቃሉ።

ኩበት የክረምት ስንቅ ነው። የሚዘጋጀው ግን በበጋ ነው። ማለዳ ከበረቱ እበቱን ይዝቃሉ፤ ገለባ ቀላቅለው በእጃቸው እያሹ ይጠፈጥፉታል፤ በግቢው ወይም በግድግዳው ላይ አስጥተው አንድ ፊቱ ሲደርቅ ይገለብጡታል፤ ከደረቀ በኋላ ይከምሩታል፤ ዝናብ እንዳይነካውም ይከድኑታል። ሰኔ ከገባ በኋላ የተጠፈጠፈ ኩበት አይደርቅምና በነሐሴ የሚነድደው ሁሉ ቀድሞ በሚያዝያና በግንቦት ፀሐይ የተሠራ ነው። ያለቀ እንደሆነ የሚተካው የለም። ጭራሮ ለመልቀም ወደ ዳገቱ ቢወጣ እርጥብ ነው፤ ይጤሳል እንጂ አይነድም። የማሽላው አገዳም በይፋት ለከብቱ መኖ፣ ለአጥሩ መከታ፣ ለምድጃው ማገዶ ነውና ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው ይቀነሳል። እንጨት ደግሞ ለማገዶ ብቻ አይፈለግም፤ ማገሩም ምሰሶውም እርሱ ነው። ማጀቴ በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ እንደገና የታነጸች ከተማ መሆኗን ያስታወሰ ሰው፣ ቤት ሁሉ አንድ ጊዜ ሲሠራ ዙሪያው ያለው ዛፍ ምን እንደሚሆንበት ሊገምት ይችላል።

ስለዚህም እሳቱ ራሱ በቁጠባ ይያዛል። እራት ከቀረበ በኋላ ረመጡ በአመድ ይዳፈናል፤ ሲነጋ አመዱ ተገልጦ ፍሙ ይጫራል። የዳፈነችው የጠፋባት ሴት ገል ይዛ ከጎረቤት እሳት ትጭራለች። ክብሪት በየሱቁ ከገባ በኋላ ይህ ልማድ ቢቀንስም አልጠፋም።

ወደ ልጁ ጨዋታ እንመለስ። የባሕሩ ዘይት ካስቸገረው ለምን ሌላ መንገድ እንደማይፈልግ ብንጠይቀው «አለ እንጂ፤ የእበት ጢንዚዛ ማልመድ ነው» አለን። ጢንዚዛው በዋሻ ይገኛል፤ የእንስሳቱን እበት ሲሰጡት ዘይትና ማዳበሪያ አድርጎ ይመልሳል። አያቱ እጃቸው ላይ የነበረውን ኩበት እንደያዙ ቆሙ።

«ሁለቱንም?» አሉ።

«አዎ፣ ሁለቱንም፤ ነዳጁንም ማዳበሪያውንም» አላቸው።

እኚህ እናት የተገረሙት በከንቱ አይደለም፤ በእርሳቸው ቤት ሁለቱ በአንድነት አይገኙምና። እበቱ ወደ ማሳ ከሄደ ምድጃው ይራባል፤ ወደ ምድጃው ከገባ መሬቱ ይራባል። ኩበት በነደደ ጊዜ ለእህል እጅግ የሚያስፈልገው ናይትሮጂን ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ አፈሩን የሚያለሰልሰውና እርጥበት የሚያስይዘውም ብስባሽ ይቃጠላል። በአመዱ ውስጥ ፎስፎረስና ፖታሲየም ይቀራሉ፤ እርሱንም ቢሆን ወደ ማሳው የሚመልስ ብዙ ሰው የለም። እንግዲህ ዛሬ እንጀራ የጋገረችው እናት ለከርሞው እንጀራ ይሆን የነበረውን እያነደደች ነው። ይህን የምታደርገው ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። አያትየው «የጓሮውን ጎመን አይቼ እበቱን ለእርሱ እላለሁ፤ ምጣዱን አይቼ ደግሞ እተወዋለሁ» ብለውናል።

የማገዶ እጦት የድኻ ቤት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ቢኖር የአዲስ ዓለምን ነገር ያስታውስ። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በ15 ዓመት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ተጨፍጭፎ አለቀና፣ ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናት ከውጭ አገር መጥቶ ቶሎ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ በኋላ የእንጦጦን ቅጠልና ጭራሮ 30 ኪሎና ከዚያም በላይ በጀርባቸው እየተሸከሙ ወደ ከተማው የሚወርዱትን ሴቶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው አይገኝም። በጨዋታው ደሴት እንዲህ ያለ ሸክም የያዘ ሰው ከመንገድ ይቆም ነበር፤ እነርሱ ግን አይቆሙም።

በደሴቱ የተቆረጠ ዛፍ ጥቂት ቆይቶ በቦታው ይበቅላል። በይፋት ወይራና ጥድ አንድ ጊዜ ከተቆረጡ የሰው ዕድሜ ይጠይቃሉ፤ ዛሬ ትልልቁን የአገር ዛፍ አብዝቶ የሚያገኙት በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ነው፤ እሱም ምሳር ስለማይነሣበት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከቆላው በታች ወደ አፋር ሲወርዱ ችግሩ ይገለበጣል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ገደማ ወደ አዋሽ ሸለቆ የገባው ፕሮሶፒስ የሚባለው መጤ እሾሃማ ዛፍ የግጦሹን መሬት እየወረረ ይገኛል፤ ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል። ሰዎች ከሰል ያከስሉታል። ከሰል ግን ለማገዶ ቁጠባ ደግ መንገድ አይደለም፤ በአፈር በተሸፈነ ምድጃ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት አምስትና ከዚያ በላይ ኪሎ እንጨት ይፈጃልና።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። ስለ ወጡ አንከራከርም፤ ስለ ማገዶው ግን ተረቱ ትክክል አይደለም። በቤታችን ከሚነድደው ማገዶ ከግማሽ የሚበልጠው በእንጀራ ምጣድ ሥር ነው፤ በሦስት ድንጋይ ላይ የተጣደ ምጣድም ነበልባሉን በየጎኑ ለነፋስ ይሰጣል። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠር ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብበው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ጢሱም ይቀንሳል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በምድጃ ጢስ በተበከለ የቤት ውስጥ አየር ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደ ሞተ ይገምታል፤ ከእነዚህም 237 ሺህ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ኩበት ከሁሉ አብልጦ ይጤሳል። እኛ በዚያ ቤት ሁለት ሰዓት ተቀምጠን ዐይናችን ሲያለቅስ አመሸ።

ልጁንም ያስደነቀው ነገር ይህን ስንነግረው ነበር፤ ያ የእበት ጢንዚዛ በእውነተኛው ዓለም አለ፤ ስሙ ባዮጋዝ ነው። በመሬት ውስጥ እንደ ጉድጓድ ተገንብቶ አየር እንዳይገባ በተዘጋ ጋን ውስጥ እበቱ ከእኩል ውሃ ጋር ተበጥብጦ ይገባል፤ በዐይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት ሲያብላሉት ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣና በቧንቧ ወደ ምድጃ ይሄዳል፤ ያለ ጢስ በሰማያዊ ነበልባል ይነድዳል። ተብላልቶ የወጣው ዝቃጭም ናይትሮጂኑን እንደያዘ ወደ ማሳ ይመለሳል። በአገራችን የብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአማራና በሌሎችም ክልሎች ብዙ ሠርቷል። እንከን የለውም አንልም። ቢያንስ የ4 ከብት እበት ይፈልጋል፤ ውሃው በየቀኑ ነው፤ ግንባታው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከተሠሩትም መካከል ጠጋኝ አጥተው የቆሙ አሉ። ደግሞ ወጥ ለመሥራትና ቡና ለማፍላት ሲመች፣ ሰፊውን የእንጀራ ምጣድ እኩል ለማጋል አስቸግሮ ብዙ ዘመን ቆይቷል፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ምጣድ የመጣው ዘግይቶ ነው።

አያትየው ይህን ሁሉ በጥሞና ሰሙ። ከዚያም «ስንት ከብት አላችሁ?» ብሎ ሌላ ሰው የጠየቃቸው ይመስል በጣታቸው ቈጠሩ። አንድ በሬ፣ አንዲት ላም፣ ጥጃዋ።

«አይሞላም» አሉ።

ልጁ ስልኩን አስቀምጦ ነበር። «የጎረቤታችን ከብቶችስ ቢጨመሩ? በጨዋታውም ብዙዎች ተባብረው ነው አንድ ምድጃ የሚሠሩት» አላቸው። እርሳቸው መልስ አልሰጡትም። የተረፈችውን ግማሽ ኩበት ወደ ክምሩ መለሷት፤ ረመጡን ሰብስበው አመድ አለበሱት። ውሃው ከወዴት እንደሚቀዳ፣ ማንስ እንደሚቀዳው ለብቻቸው ሲያሰላስሉ ቆዩና፣ ሊተኙ ሲነሡ «ነገ እጠይቃታለሁ» አሉ።