የሲሶው ውል፦ ግብር፣ ባለመሬትና ዙፋን በሐይቅና በአምባሰል መስኮት

[ምስል፦ የሐይቅ ውኃ በማለዳ፤ በባሕረ ገብ መሬቱ ጫፍ የደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደን። ድምፅ፦ በአምባሰል ቅኝት የተቃኘ ማሲንቆ፣ ቀስ በቀስ እየራቀ።]

ተራኪ፦ ግብር አንድ መንግሥት ለጋራ ወጪ ብሎ ከሕዝቡ የሚሰበስበው ገንዘብ ወይም ምርት ነው። የአንድ አገር የግብር ታሪክ የሚጻፈው ግን በተከፈለው ብቻ ሳይሆን በተማረው፣ በተቀነሰውና በተራዘመው ጭምር ነው፤ ሀብትና ሥልጣን ያላቸው ወገኖች የግብር ቅናሽ አግኝተው በምላሹ ለገዥው ድጋፋቸውን የሚሰጡበት መደራደር በየዘመኑ አለና። ይህ ዝግጅት እንዲህ ያለው ድርድር በኢትዮጵያ እንዴት እንደተካሄደ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ሐይቅና ከአጎራባቹ ከአምባሰል በመነሣት ይመለከታል።

[ምስል፦ የአምባሰል ተራራ ከውጫሌ መንገድ ሲታይ፤ በተዳፋቱ ላይ የታረሰ እርከን።]

ተራኪ፦ አካባቢው ለዚህ ታሪክ መነሻ የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የቤተ ክርስቲያን የመሬት መብት ከነገሥታቱ ጋር በተገባ ቃል ኪዳን የመጣ ነው የሚለው ትውፊት ከሐይቅ ገዳም ስም ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አምባሰል "ጃንጥራር" በሚል ማዕረግ የሚጠሩ ባላባቶች ለዘመናት ሲገዙት የኖረ አገር ከመሆኑም በላይ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት እቴጌ መነን አስፋው የጃንጥራር አስፋው ልጅ መሆናቸው፣ ልጃቸው አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰንም ለረጅም ዘመን የወሎ ጠቅላይ ግዛት ገዥነትን ማዕረግ ይዘው መቆየታቸው ነው። በዙፋኑና በባላባቱ መካከል ስለ መሬትና ስለ ግብር የሚደረገው ንግግር፣ በዚህ አገር ዓይን ሲታይ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ቤተ ዘመድ መካከል የሚደረግ ንግግር ነበር።

ክፍል አንድ፦ ቃል ኪዳኑ

[ምስል፦ የብራና ወንጌል ገጾች በቅርበት፤ በኅዳጉ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሰፈረ ማስታወሻ።]

ተራኪ፦ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በትግራይ ደብረ ዳሞ ተምረው ወደ ሐይቅ የመጡትና የገዳሙን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሲሆን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ሲይዝ፣ ትውፊት እንደሚለው፣ መነኮሳቱ ለአዲሱ ሥርወ መንግሥት ቡራኬና ድጋፍ ሰጡ፤ ንጉሡ በበኩሉ የአገሩን ሲሶ፣ ማለትም ከሦስት አንዱን እጅ፣ ለቤተ ክርስቲያን ለመስጠት ቃል ገባ። የሐይቅ ገዳም አበምኔትም "ዐቃቤ ሰዓት" የሚለውን ማዕረግ ይዞ በቤተ መንግሥቱ ከፍተኛ ስፍራ አገኘ።

የታሪክ ሊቃውንት ይህን ትውፊት በጥንቃቄ ይቀበሉታል። ቃል ኪዳኑን የሚተርኩት ገድላትና መጻሕፍት ከዘመኑ ብዙ ቆይተው የተጻፉ ከመሆናቸውም በላይ፣ አንዳንዶቹ ክብሩን ለአቡነ ኢየሱስ ሞዐ፣ ሌሎቹ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስለሚሰጡ፣ በሐይቅና በደብረ ሊባኖስ መካከል የነበረውንም ፉክክር ያሳያሉ። ይሁን እንጂ አንድ ትውፊት ኃይል እንዲኖረው ቃል በቃል የተፈጸመ መሆን አያስፈልገውም፤ "ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ፣ ሲሶ ለነጋሽ" የሚለው አባባል ለዘመናት የመሬትን ክፍፍል ትክክለኛነት ማስረጃ ሆኖ አገልግሏል።

በሐይቅ ገዳም የሚገኘው፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1280 አካባቢ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል፣ የገዳሙን ንብረትና የመሬት ስጦታ የሚመለከቱ ማስታወሻዎች የተጻፉበት መጽሐፍ ነው። መሬትን በወንጌል ባዶ ገጽ ላይ መመዝገብ በኢትዮጵያ የተለመደ አሠራር ሲሆን፣ እንዲህ ባለው ማስታወሻ ላይ ሰጪው፣ ተቀባዩና ምስክሮቹ በስም ይጠራሉ፤ ውሉን የሚያፈርስም ይገዘታል። ግዝት ማለት ውሉን የነካ ከቤተ ክርስቲያን አንድነት እንዲለይ የሚያደርግ የቃል እስራት ነው። የግብር ነጻነትን ከቅዱስ መጽሐፍ ጋር አንድ ላይ መጠረዝ፣ ከሰጪው በኋላ ለሚነሣ ንጉሥ መብቱን መሻር ኃጢአት እንዲሆንበት ማድረግ ነበር።

ክፍል ሁለት፦ ሠላሳ አምስት ብር

[ምስል፦ በዐውድማ ላይ የተከመረ ጤፍ፤ በሬዎች ሲያበራዩ። ድምፅ፦ የአበራይ ጥሪ።]

ተራኪ፦ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ ከጣልያን ወረራ ነጻ የወጣው መንግሥት ባዶ ካዝና ይዞ ሲመለስ፣ ከባላባቱና ከቤተ ክርስቲያን ጋር እንደገና መደራደር ነበረበት። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ፣ በአንድ ጋሻ፣ ማለትም በ40 ሄክታር ገደማ ስፋት ላይ፣ እንደ ቅደም ተከተላቸው 15፣ 10 እና 5 ብር ወሰነ። የመሬት መደብን ከግምት ያስገባ መሆኑ መልካም ጅማሬ ቢሆንም፣ በእነዚያው ዓመታት የቤተ ክርስቲያንን አስተዳደር የሚመለከተው የ1935 ዓ.ም. ድንጋጌ ከሰሞን መሬት፣ ማለትም ከቤተ ክርስቲያን ይዞታ፣ የሚሰበሰበው ግብር ለቤተ ክርስቲያኒቱ ግምጃ ቤት እንዲገባ አደረገ። የሲሶው ትውፊት በዘመናዊ ሕግ ቋንቋ ዳግም ታወቀ ማለት ነው።

ነገሩ ይበልጥ የሚገለጸው ግን በአሥራት ነው። አሥራት ከምርት ከአሥር አንድ የሚከፈል ግብር ሲሆን፣ ዐፄ ምኒልክ ወታደሩ በገበሬው ቤት እየሰፈረ ከመብላት እንዲታቀብ በማሰብ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያስፋፉት ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 70 በቀላድ በተለካው መሬት ላይ አሥራቱ በእህል መሆኑ ቀርቶ በቁርጥ ገንዘብ እንዲከፈል አዘዘ፤ ለለም ጋሻ 35 ብር ታከለበትና የባለመሬቱ ጠቅላላ ክፍያ 50 ብር ሆነ። ቀላድ መሬት የሚለካበት ገመድ ሲሆን፣ በዚያ የተለካ መሬትም በዚሁ ስም ይጠራል።

ልዩነቱ የተፈጠረው በዚህ ጊዜ ነው። ባለመሬቱ ለመንግሥት የሚከፍለው ቁርጥ ሲሆን፣ በመሬቱ ላይ የሚያርሰው ጭሰኛ ግን ብዙ ቦታ አሥራቱን እንደ ቀድሞው በእህል ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር። ለምሳሌ ያህል አንድ ጋሻ 100 ኩንታል ቢያወጣ አሥራቱ 10 ኩንታል ይሆናል፤ ኩንታሉ በ10 ብር ቢሸጥ 100 ብር ይገኛል፤ ለመንግሥት 35 ብር ገብቶ 65 ብር በባለመሬቱ እጅ ይቀራል። የእህል ዋጋ በየዓመቱ ሲጨምር 35ቱ ብር ባለበት ስለሚቆይ፣ ማንም ሳያውጅ የባለመሬቱ የግብር ቅናሽ በየመኸሩ ይታደሳል። ጭሰኛው ከዚህ ሌላ የመሬት ኪራይ ይከፍላል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ኪራዩ በምርት ድርሻ ሲሆን ከአራት እጅ እስከ ሦስት እጅ እንዲደርስ ፈቅዶ ነበር። ሲሶ ለአራሽ የሚለው ቃል በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ክፍል ሦስት፦ ምክር ቤቱና ጎጃም

[ምስል፦ የ1950ዎቹ የፓርላማ ሕንፃ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ።]

ተራኪ፦ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ቢፈቅድም፣ ዕጩው በሚወዳደርበት ወረዳ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ፣ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ያስገድድ ነበር። የፖለቲካ ፓርቲ ባልነበረበት በዚያ ዘመን የምክር ቤቱ ወንበር በአብዛኛው በባለመሬቶች የተያዘ ስለነበር፣ በመሬት ላይ የሚጣል ግብርን የሚያጸድቁት ግብሩ የሚነካቸው ሰዎች ነበሩ።

በጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ዘመን መንግሥት ሁለት እርምጃ ወሰደ። በ1958 ዓ.ም. ርስተ ጉልትና ሲሶ ጉልት፣ ማለትም የመሬትን ግብር ሰብስቦ ጥቂቱን ለመንግሥት አስገብቶ ቀሪውን የማስቀረት መብት፣ በዐዋጅ ተሻረ፤ ሆኖም የጉልት ባለመብቱ በርስትነት የያዘው መሬት አልተነካም። ግብር የመሰብሰብ ሥልጣኑን ለማስለቀቅ የተከፈለው ዋጋ የባለቤትነቱ መጽናት ነበር ማለት ይቻላል። በኅዳር 1960 ዓ.ም. ደግሞ ዐዋጅ ቁጥር 255 አሥራትን ሽሮ በግብርና ገቢ ላይ የተመሠረተና ገቢ ሲያድግ ምጣኔው የሚያድግ ግብር ተካ። እንዲህ ያለው ግብር አመዳደብ "በደረጃ የሚያድግ" ይባላል፤ ትልቁ ገቢ ከትንሹ በመቶኛ ጭምር ከፍ ያለ ድርሻ እንዲሸከም ያደርጋል። ረቂቁ በምክር ቤቱ ረጅም ክርክር ገጥሞት፣ ብዙ ማሻሻያ ተደርጎበት ከወጣ በኋላም አፈጻጸሙ በየወረዳው ገቢን በሚገምቱ ሰዎች ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

[ምስል፦ የጎጃም ደጋ፤ በአድማስ ላይ የገጠር መንደር።]

ተራኪ፦ ተቃውሞው የፈነዳው ግን ከትልልቆቹ ባለመሬቶች አልነበረም። በጎጃም በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎች አውራጃዎች የሚኖሩ ርስተኛ ገበሬዎች፣ ዝቅተኛ ግብር ብቻ ሲከፍሉ የኖሩና መሬታቸው በቀላድ ተለክቶ የማያውቅ በመሆናቸው፣ ገማቹ ነገ ርስታቸውን ለመንጠቅ የሚመጣ ሰው መስሎ ታያቸው። በ1960 ዓ.ም. መሣሪያ አንሥተው ተነሡ፤ መንግሥት ጦር ላከ፤ በኋላ የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ አንሥቶ ከ1942 እስከ 1960 ዓ.ም. የተጠራቀመውን ውዝፍ ግብር ማረ። ባለጸጋውን ለመድረስ የታሰበው ሕግ በድኻው ገበሬ ፍርሃት ላይ ተሰናክሎ፣ ዞሮ ዞሮ የጠቀመው ለውጡን ከመጀመሪያው ያልወደደውን ወገን ነው። የጭሰኛውን ኪራይ ለመወሰን ከዚያ በኋላ የቀረበው ረቂቅ ሕግም በምክር ቤቱ ሳይጸድቅ እስከ አብዮቱ ቆየ።

ክፍል አራት፦ ውሉ ሲፈርስ

[ምስል፦ ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ፤ ደረቅ ማሳ። ድምፅ፦ ነፋስ።]

ተራኪ፦ በ1965 ዓ.ም. ድርቁ በወሎ ሲበረታ፣ ገበሬዎች እርዳታ ፍለጋ በሐይቅና በውጫሌ በኩል በሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ተሰለፉ። ረኃቡ የዝናብ እጦት ብቻ ውጤት አልነበረም፤ ምርቱን ለኪራይና ለግብር እያስረከበ የኖረ ጭሰኛ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ጎተራ አልነበረውም። ያ ረኃብና የተደበቀበት ሁኔታ ለዘውዱ መውደቅ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አድርጎ፣ ጭሰኝነትን፣ የባላባቱንና የሰሞን መሬትን በአንድ ቀን አስቀረ። በየዘመኑ በጥቂት በጥቂቱ ሊታረም ይችል የነበረ ውል፣ ሳይታረም ስለቆየ፣ በአንድ ጊዜ ተቀደደ።

ክፍል አምስት፦ የዛሬው ገበታ

[ምስል፦ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼዶች፤ ሠራተኞች በፈረቃ ሲወጡ።]

ተራኪ፦ ጥያቄው ከመሬት ወደ ሌላ ሀብት ተሻገረ እንጂ አልቀረም፤ በሌላው ዓለምም ይገኛል። በአሜሪካ በፕሬዚዳንት ቡሽ ዘመን በጊዜ ገደብ የወጣው የግብር ቅናሽ ሊያበቃ ሲቃረብ፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ከሪፐብሊካን ተቃዋሚዎቻቸው ጋር ተስማምተው፣ ለባለጸጎችም ጭምር ለሁለት ዓመት እንዲራዘም ፈረሙ፤ በልዋጩ ሥራ ላጡ ሰዎች የሚከፈለው ድጎማ ተራዘመ። ሁለት ወገኖች የሚፈልጉትን ተለዋወጡ፤ የጎደለው ገቢ ግን በመንግሥት ዕዳ ላይ ተደመረ፤ ዕዳውን የሚከፍለው ትውልድም በድርድሩ ላይ አልተቀመጠም።

በኢትዮጵያም ከሐይቅ ብዙ በማይርቀው፣ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለሚገቡ ባለሀብቶች ሕጉ የግብር እፎይታ ይሰጣል። የግብር እፎይታ አንድ ድርጅት ለተወሰኑ ዓመታት ከትርፉ ላይ የገቢ ግብር እንዳይከፍል የሚፈቀድበት ማበረታቻ ሲሆን፣ መንግሥት በልዋጩ የሥራ ዕድልና የውጭ ምንዛሪ ይጠብቃል። በዚሁ ፓርክ የሚሠራ ተቀጣሪ ግን ግብሩ ደመወዙ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር ዐዋጅ ከግብር ነጻ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲያደርግ፣ ከ14,000 ብር በላይ ላለው ገቢ የሚከፈለውን ከፍተኛ ምጣኔ በ35 በመቶ አጽንቷል፤ በዚህ ምጣኔ ጣሪያ ሥር መካከለኛው ባለሙያና እጅግ ከፍተኛ ደመወዝተኛው አንድ ላይ ይገኛሉ።

[ምስል፦ እንደገና የሐይቅ ገዳም፤ የወንጌሉ ገጽ ቀስ ብሎ ሲዘጋ።]

ተራኪ፦ የግብር ስምምነት ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይቻልም፤ ገዥና ባለሀብት ሳይነጋገሩ የጸና ሕግ በየትም አገር አልተገኘም፣ ነገ ፋብሪካ ይከፈታል ተብሎ ዛሬ የሚሰጥ ምሕረትም ፍሬ ሊያፈራ ይችላል። ከሐይቅ እስከ ምክር ቤቱ የተጓዘው ታሪክ የሚያስተምረው፣ ውሉ ሲጻፍ ሰጪና ተቀባይ በስማቸው ሲሰፍሩ፣ ምስክሮች ሲቆጠሩና ግዝቱ ሲነበብ፣ የሚከፍለው ሰው ብዙ ጊዜ በገጹ ላይ አለመኖሩን ነው። ሲሶ የተባለለት አራሽ በአባባሉ ውስጥ ስሙ ተጠርቷል፤ የቀሩትን ሁለቱን ሲሶ ያበቀለውም እርሱ ነበር።

[ድምፅ፦ ማሲንቆው ተመልሶ ይሰማል፤ ምስሉ ይጠፋል።]