የአቅራቢ ቪፒኤንን ለመንገድ ስሌት መቅረጽ

ቅርንጫፎቹን በአቅራቢ ቪፒኤን ያገናኘ ድርጅት የራሱን ራውተሮች እንጂ የአቅራቢውን የውስጥ መረብ አያይም። በመሆኑም የኔትወርክ አስተዳደር ሶፍትዌር በቅርንጫፎች መካከል ያለውን መንገድ ሲያሰላ መሃል ላይ ክፍተት ይገጥመዋል።

ክፍተቱ በሁለት መንገድ ሊሞላ ይችላል። አንደኛው እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር በቀጥታ ማያያዝ ሲሆን ለ40 ቅርንጫፎች 780 መስመሮችን ይጠይቃል። ሁለተኛው አቅራቢውን እንደ አንድ ምናባዊ አንጓ መውሰድ ነው፤ 40 መስመሮች ይበቁታል።

ይሁን እንጂ ሁለቱም ቅርንጫፎች ሁሉ በቀጥታ ይገናኛሉ ብለው ያስባሉ። በ2006 በወጣው አርኤፍሲ 4364 መሠረት ግን ግንኙነትን የሚወስነው ራውት ታርጌት የተባለው መለያ ነው። ቅርንጫፎች የዋናውን መሥሪያ ቤት መለያ ብቻ የሚቀበሉ ከሆነ፣ በመካከላቸው ያለው ትራፊክ በዋናው መሥሪያ ቤት በኩል ያልፋል። የዚያ መስመር ሲቋረጥ ቅርንጫፎቹ ይነጣጠላሉ፤ ሶፍትዌሩ ግን መንገዱ ጤናማ እንደሆነ ያሳያል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ መለያ የራሱን አንጓ መፍጠር ነው። መለያውን ከሚቀበለው ራውተር ወደ አንጓው፣ ከአንጓውም መለያውን ወደሚልከው ራውተር ባለአቅጣጫ መስመር ይዘረጋል፤ ትራፊክ የሚጓዘው ከመዳረሻ ማስታወቂያው በተቃራኒ ነውና። በዚህ ሞዴል ላይ የሚሠራ የአጭር መንገድ ስሌት እውነተኛውን ጉዞ ይከተላል።