«ጸደቀ»፣ «ጥገኛ»ና «ማስገደድ»፦ በሥራ ዕቅድ ሶፍትዌር ስያሜዎች ላይ

በቦንጋ ዙሪያ ላለ የቡና ችግኝ ጣቢያ የተዘጋጀ አንድ የሥራ ሠንጠረዥ እንበል። ከዓምዶቹ በአንዱ አናት ላይ «የጸደቀ» የሚል ርእስ፣ ከሥሩም 400 የሚል አኀዝ ተጽፏል። የጽሕፈት ቤቱ ሒሳብ ሹም ይህን ሲያነብ አራት መቶ ችግኝ እንዲተከል የበላይ አካል መስማማቱን ይረዳል። የችግኝ ጣቢያው ሠራተኛ ግን ከተተከለው ውስጥ አራት መቶው ሥር ሰድዶ መያዙን ይረዳል። ሁለቱም አማርኛውን አልሳቱም። በሁለቱ ንባቦች መካከል ግን አንድ ሙሉ ክረምት አለ፤ ክፍያ የሚለቀቀውም ከሁለቱ በአንደኛው ላይ ተመሥርቶ ነው።

ይህን ምሳሌ ያነሣነው የሥራ ዕቅድ ሶፍትዌሮችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ከሚቸገሩባቸው ስያሜዎች ሦስቱን ለመመርመር ነው። እነርሱም አንድ ሥራ እንዲቀጥል ኀላፊው የሚሰጠው ስምምነት፣ አንዱ ሥራ ከሌላው ጋር ያለው የቅደም ተከተል ግንኙነት፣ ሁለቱም እንዳይጣሱ ሶፍትዌሩ የሚያደርገው ቁጥጥር ናቸው። ካፋን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቦንጋ በ2014 ዓ.ም. ከተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫዎች አንዷ ናት፤ የክልሉም የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ብዙው የቢሮ ሠራተኛ ግን አፉን የፈታው በካፊኖኖ ወይም በሌላ የአካባቢው ቋንቋ ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ የስያሜ አሻሚነት በጆሮ ልማድ አይታረምም፤ እንደ ተጻፈ ይነበባል፣ እንደ ተነበበም ይፈጸማል።

«ጸደቀ» ከግእዝ የወረስነው ግስ ነው። መነሻው የእውነትና የጽድቅ ትርጉም ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ሕግና ወደ ዕቅድ፣ እንዲሁም ወደ ተክል ተሻግሯል። ምክር ቤት አዋጅን ያጸድቃል፤ ችግኝም ይጸድቃል። በሕግ ቋንቋ ቃሉ ጸንቶ ስለ ቆመ ከዚያ ይነሣ የሚል ሐሳብ የለንም። የግብርናና የደን ሥራን በሚመዘግብ ሶፍትዌር ግን «ይሁንታ» የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል። ይህ ስም «ይሁን» ከሚለው የትእዛዝ አንቀጽ የወጣ ስለ ሆነ ተናጋሪውን ሰው በውስጡ ይዟል፤ ችግኝ ይሁንታ አይሰጥም። «ይሁንታ ይጠብቃል»፣ «ይሁንታ አግኝቷል»፣ «ይሁንታ ተነፍጎታል» ቢባል በቦንጋም ሆነ በአዲስ አበባ የሚደናገር አይኖርም። «ተፈቅዷል» የሚለውን ያልመረጥነው ፈቃድ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ብቻ የሚሰጥ ስለሚመስል ነው፤ ይሁንታ ግን ላለቀ ሥራም ይሰጣል።

የቢሮ ወረቀቶቻችን ከዚህ በፊትም ልዩነቱን ያውቁ ነበር። «ያዘጋጀው»፣ «ያረጋገጠው»፣ «ያጸደቀው» የሚሉት ሦስት የፊርማ መስመሮች ሦስት የተለያዩ ሥልጣኖች ናቸው። ማኅተምም አለ፤ ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ ማን ከቁጥር ያስገባዋል? ወደ ኋላ ከተኬደም፣ እስከ 1897 (እ.ኤ.አ.) በዘለቀው የካፋ መንግሥት ንጉሡን የሚያማክሩና ሥልጣኑን የሚገድቡ ሚክሬቾ የተባሉ ሰባት መማክርት ነበሩ። ይህን የጠቀስነው ለጌጥ አይደለም። ምክር የሚሰጥና ሥራን የማገድ ሥልጣን ያለው ሰው አንድ እንዳልሆኑ ለማመልከት ነው። ሶፍትዌሩም «አስተያየት ሰጪ»ንና «ይሁንታ ሰጪ»ን ይለያል፤ ሁለቱን «ገምጋሚ» ብሎ መጠቅለል ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ስያሜ የበለጠ አስቸጋሪ ነው። በብዙ ትርጉሞች «የሥራ ጥገኝነት» የሚል እናያለን። «ጥገኛ» ግን «ተጠጋ» ከሚለው የመጣ ሆኖ ዛሬ ከለላ ፈላጊውን ስደተኛ፣ በሰው ትከሻ የሚኖረውን፣ ሆድ ውስጥ ያለውንም ተውሳክ ይጠራል። የደን ባለሙያ ደግሞ በሌላው ዛፍ ላይ የሚኖረውን ተክል ያስባል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጊዜ የለም። «ትስስር»ና «ቁርኝት»ም አቅጣጫ አያሳዩም፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ አይናገሩም። «ተጠባባቂ» እንዳይባል ተጠባባቂ ጦርና ተጠባባቂ ተጫዋች ቀድመው ወስደውታል። ስለዚህ ሥራዎቹን «ቀዳሚ ሥራ»ና «ተከታይ ሥራ»፣ ግንኙነቱን «ተከታይነት» ማለትን እንመርጣለን።

ግንኙነቱ ከካፋ ደኖች በተወሰደ ምሳሌ ይብራራ። አሳታፊ የደን አስተዳደር በቦንጋ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 በፋርም አፍሪካ ድጋፍ ነው። በዚህ አሠራር መጀመሪያ የደኑ ወሰንና ተጠቃሚው ማኅበረሰብ ይለያሉ፤ ቀጥሎ የደን ሀብቱ ይቆጠራል፤ ከቆጠራው የአስተዳደር ዕቅድ ይወጣል፤ በመጨረሻ ማኅበሩና የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ስምምነት ይፈራረማሉ። ወሰኑ ሳይለይ የተቆጠረ ደን የማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ከዚያ የሚወጣውም ዕቅድ ለጎረቤት ቀበሌ ጠብ ይተርፋል።

አሁን ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን እናነጻጽር። «ወሰኑ ሲለይ ቆጠራው ይጀመራል»፤ «ወሰኑ ሳይለይ ቆጠራው አይጀመርም»። የመጀመሪያው የጊዜ ስሌት ነው፤ ቀዳሚው ቢዘገይ የተከታዩ ቀን ይገፋል። ሁለተኛው በር መዝጋት ነው። ባሕር ማዶ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዱፖንት ለፋብሪካ፣ የአሜሪካ ባሕር ኀይል ለፖላሪስ ሚሳይል የሠሯቸው የዕቅድ ስሌቶች የመጀመሪያውን ዓይነት ብቻ ነበሩ። ዛሬም በማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ቀዳሚው ሳያልቅ ተከታዩ ተጀምሯል ብሎ መመዝገብ ይቻላል። በጂራም አንዱ ሥራ ሌላውን እንደሚያግድ የሚገልጸው ማያያዣ፣ አስተዳዳሪው የተለየ ሁኔታ ካልጨመረ በስተቀር፣ ማንንም አያግድም። እንግዲህ ተርጓሚው ስሌቱን «ሳያልቅ አይጀመርም» ብሎ ቢተረጉመው ለተጠቃሚው የሌለ ጥበቃ ይሰጠዋል። ያ ተጠቃሚ በሩ የተዘጋ መስሎት ይተኛል፤ ቆጣሪዎቹ ግን ጫካ ገብተዋል።

ለአራቱ የተከታይነት ዓይነቶች ያቀረብናቸው አጭር ስያሜዎች «ሲያልቅ ይጀመራል»፣ «ሲጀመር ይጀመራል»፣ «ሲያልቅ ያልቃል»፣ «ሲጀመር ያልቃል» የሚሉ ናቸው። በእያንዳንዱ የፊተኛው ግስ የቀዳሚው፣ የኋለኛው የተከታዩ ነው። አራተኛው እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ አዲሱ ዘበኛ ሥራ ሲጀምር የቀድሞው ተራ እንደሚያልቅ ማሰብ ይበቃል። «ሳ—አይ» የሚለው አሉታዊ አነጋገር በሩ በእርግጥ ለሚዘጋበት ጊዜ ብቻ ይቆይ፤ ስሙም «የግድ ተከታይነት» ይባል።

ለቁጥጥሩ ተግባር «ማስገደድ» ሲባል እንሰማለን። ማስገደድ ተሳቢው ሰው ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን የሚጠብቀው ደንብን ነው። «ሕግ ማስከበር» እንደምንል «ቅደም ተከተል ማስከበር»፣ «ይሁንታን ማስከበር» እንበል። በጠባብ የስልክ ገጽ ላይ «ይከበር» ብቻ ቢጻፍም ያስኬዳል፤ በአንጻሩ «ይገደድ» የሚል ቁልፍ ለመጫን የሚደፍር የቀበሌ ሠራተኛ መኖሩን እንጠራጠራለን።