ተጨማሪ መረጃ፦ ኳንተም በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ

ከአንበሳሜ ከተማ ወጣ ሲሉ፣ የመብራት መስመር ያልደረሳቸው የገጠር ቤቶች ቆርቆሮ ላይ ሶላር ተሰቅሎ ማየት የተለመደ ነው። ጠቆር ባለው ሰማያዊ ገጹ ላይ ብርማ ቀጫጭን መስመሮች ተዘርግተዋል። የጥቃቅን ቅንጣቶች ፊዚክስ የሆነው ኳንተም ሜካኒክስ ሥራውን የሚጀምረው እዚያ ነው።

ማክስ ፕላንክ በፈረንጆች 1900 ኃይል በተወሰነ መጠን ተቆራርጦ እንደሚተላለፍ ሐሳብ አቀረበ። አልበርት አንስታይን በ1905 ብርሃን ራሱ ፎቶን በሚባሉ የኃይል ጥቅሎች እንደሚጓዝ አስረዳ፤ የ1921ን የኖቤል ሽልማት በዋናነት ያስገኘለት ይኸው ሥራ ነው።

በሲሊከን ውስጥ የታሰረ ኤሌክትሮን ነጻ ለመውጣት 1.1 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ኃይል ይፈልጋል። አንድ የቀይ ብርሃን ፎቶን 1.8 ያህል ስለሚይዝ ይበቃዋል። የሞገድ ርዝመቱ ከ1,100 ናኖሜትር እጅግ የበለጠ ታህተ ቀይ ጨረር ግን የቱንም ያህል ቢበዛ ኤሌክትሮኑን አያስለቅቅም። ወሳኙ የብርሃኑ ብዛት ሳይሆን የእያንዳንዱ ፎቶን ኃይል ነው። በአንስታይን ዘመን የነበሩ ሊቃውንትን ግራ ያጋባውም ይህ ነበር።

ነጻ የወጡት ኤሌክትሮኖች የሚፈጥሩት ኤሌክትሪክ፣ ሶላሩ በዛ ሲል የውኃ ፓምፕ ያንቀሳቅሳል። ለፎገራ ሜዳ ሽንኩርት አምራች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በበጋ ከጉድጓድ ወይም ከጉማራ ወንዝ ውኃ ለመሳብ ቤንዚን መግዛት አይጠበቅበትም።

ማታ ሂደቱ ይገለበጣል። በኤልኢዲ አምፖል ውስጥ ኤሌክትሮኑ ወደ ዝቅተኛ የኃይል ደረጃ ሲወርድ ፎቶን ይለቃል። ነጩ የኤልኢዲ መብራት ለገበያ የበቃው ሰማያዊው ኤልኢዲ ከተፈለሰፈ በኋላ ነው፤ ፈልሳፊዎቹ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል።