ላቡ የት ነው የሚተነው?

በ2012 ዓ.ም. በመስቀል ዋዜማ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣ የዶሃው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ተጀመረ። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከ68ቱ ተወዳዳሪዎች 28ቱ አቋረጡ፤ ኢትዮጵያውያኑ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጀና ሹሬ ደምሴም ከእነሱ መካከል ነበሩ። እንዲህ ባለ ወበቅ ላብ ይንጠባጠባል እንጂ እንደልቡ አይተንም። ያልተነነ ላብ ደግሞ አያቀዘቅዝም።

በዚያው ሻምፒዮና ተመራማሪዎች የማራቶንና የእርምጃ ተወዳዳሪዎችን የቆዳ ሙቀት በቴርማል ካሜራ ለክተው ነበር። በውድድሩ ወቅት የቆዳው ሙቀት በአማካይ ከ32 ወደ 31 ዲግሪ ገደማ ወረደ። በሚዋጥ መለኪያ የተመዘገበው የውስጥ ሙቀት ግን ከፍ አለ፤ ከ41 ዲግሪ ያለፈም ተገኘ። ካሜራው የሚያየው ገጽን ብቻ ነው። የስፖርት ልብስን ምቾት በዚህ መሣሪያ የሚመዝን ሁሉ ይህን መዘንጋት የለበትም።

መሣሪያው ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። አንድ ግራም ላብ ሲተን 2.4 ኪሎ ጁል ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ እርጥቡ ቦታ በካሜራው ከደረቁ ቀዝቅዞ ይታያል፤ ጠብታው በጨርቁ ላይ እስከ የት እንደተስፋፋና መቼ እንደደረቀ በየደቂቃው መከታተል ይቻላል። በጨርቆች መካከል ያለው ልዩነትም ትልቅ ነው። በላቦራቶሪ መደበኛ አየር፣ ማለትም በ20 ዲግሪና በ65 በመቶ እርጥበት፣ ጥጥ የክብደቱን 8 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ጥጥ ላቡን ጠጥቶ ይከብዳል፣ ገላ ላይ ይለጠፋል። በደንብ የተሠራ ፖሊስተር ግን ላቡን በክሮቹ መካከል ስቦ ወደ ውጭ ያወጣዋል።

አሳሳቹ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የጨርቁ ውጫዊ ገጽ ሲቀዘቅዝ ምስሉ ያማረ ሰማያዊ ይሆናል። ነገር ግን ትነቱ ከቆዳው በራቀ መጠን ሙቀቱ የሚወሰደው በከፊል ከአካባቢው አየር ስለሆነ፣ ለሯጩ የሚደርሰው ቅዝቃዜ ያንሳል። ከካሜራው ጎን ላቡን የሚመዝን ሚዛንና ከልብሱ ሥር ቆዳውን የሚለካ መሣሪያ የግድ ያስፈልጋሉ።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ለምሳሌ በስምጥ ሸለቆ ያለችው የባቱ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በደምበል ሐይቅ ዳር ትገኛለች። ፀሐዩ ብርቱ ነው። የስምጥ ሸለቆው ነፋስ ደግሞ አዳማ አጠገብ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። በአበባ እርሻ ግሪን ሃውስ ውስጥ የሚሠራ ሰው የሚያልበውና በሜዳ የሚሮጥ ልጅ የሚያልበው በአንድ ዓይነት አየር አይደለም። በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የተመሰገነ ማሊያ ለሁለቱም እኩል ይመቻል ብሎ መደምደም አይቻልም።

ልብስ በአገር ውስጥም ይሰፋል፦ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008፣ የአዳማው በ2011 ዓ.ም. ተመረቁ። በታኅሣሥ 2014 ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መላክ ከሚያስችለው ከአጎዋ ስትሰረዝ፣ ልብስ ሰፍቶ ለአንድ ትልቅ ገበያ መላክ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን በግልጽ ታየ። ለራስ ሰውና ለራስ አየር የሚሆን ልብስ ማወቅ የዚያው ሥራ ሌላኛው ግማሽ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ አዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከአርሲ እስከ ስምጥ ሸለቆ የሚሮጥ ወጣት አለ። ሦስቱ በባቱ እኩለ ቀን፣ በአንድ ሜዳ ላይ ሊገናኙ ይገባል።

ማሊያ ላይ «ላብ ያደርቃል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። በስንት ዲግሪ፣ በምን ያህል እርጥበትና ነፋስ እንደተለካም አብሮ ይጻፍ። ገዢው ይህን የመጠየቅ መብት አለው።